እማዬና «ሰነፏ ላም»

ባለፈው ሳምንት እማዬን ለእንቅርቷ ምርመራ ከሱሉልታ ይዣት ከተማ ወረድን። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ክንዷን ወጓት፣ ሀያ ደቂቃ ያህል ቆይተው ጋማ ካሜራ የሚሉት ማሽን ሥር አስተኟት፣ አለቀ። ስንወጣ «ዛሬን ሕፃን አይቀፉ» አሏት። ለምን እንደሆነ የነገራት ግን የለም። እንጦጦን እስክንሻገር ዝም ብላ ቆየችና «መርዝ ነው እንዴ የወጉኝ?» አለችኝ።

መርዝ አይደለም። ቴክኒሽየም-99ኤም የሚባል፣ ለጥቂት ጊዜ ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ነው፤ ሕፃን አይቀፉ ያሏትም ለዚሁ ነው። ስሙ «ሰው ሠራሽ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ንጥረ ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1937 ፔሪየርና ሴግሬ የሚባሉ ሳይንቲስቶች ጣሊያን፣ ፓሌርሞ ላይ ነው ያገኙት፣ ያውም ሞሊብዲነም ከሚባል ብረት ከአሜሪካ በተላከላቸው ቁራጭ ውስጥ።

ይሄ ለእማዬ ምኗም አይደለም። የገባት የላሙ ነገር ነው። የውጭዎቹ ባለሙያዎች ቴክኒሽየሙ የሚቀዳበትን ዕቃ እየቀለዱ «ላም» ይሉታል። በእርሳስ በተሸፈነ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ያለው ሞሊብዲነም-99 እየፈረሰ ቴክኒሽየም ይሆናል፣ ጨው ያለበት ውሃ ሲያሳልፉበት ቴክኒሽየሙ ታጥቦ ይወጣል፣ ሞሊብዲነሙ እዚያው ይቀራል። ማለብ የሚሉት ይህን ነው። ከታለበች በኋላ ጡቷ መልሶ እስኪሞላ አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል።

«በቀን አንዴ ብቻ? ሰነፍ ላም ናት!» አለች እማዬ። የሷዎቹ ሁለቴ ነው የሚታለቡት።

ሞሊብዲነሙ ራሱ በየ66 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ላሟ በሳምንት በሁለት ሳምንት ትነጥፋለች። ወተቷ ደግሞ ከዚያ በባሰ ይቸኩላል፣ በየ6 ሰዓቱ ግማሹ የለም። ታክሲ ሰልፉና መንገዱ ተደምሮ ሁለት ሰዓት ፈጀብን፣ በዚያ ብቻ አንድ አምስተኛው መንገድ ላይ አለቀ (የታክሲ ሰልፍ ሲጠቅመኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው)። 10 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ሩቡ ቀረ፣ በሽንት የሚወጣው ሳይቆጠር። የሚያወጣው ጋማ ጨረር ካሜራው አጥርቶ የሚያየው ዓይነት ነው፣ ቤታ የሚባለው ሥጋ ውስጥ የሚቀረው ጨረር ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ሐኪሞች የሚወዱት።

አንድ ያልነገርኳት ነገር አለ። የወጓት ሲፈርስ የሚተካው ቴክኒሽየም-99 የሚባል ሌላ ዓይነት ነው፣ እሱ በግማሽ የሚቀንሰው በ211 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ብነግራት እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ግን ያን ያህል የሚዘገይ ነገር በቀን የሚለቀው ጨረር ኢምንት ነው፣ የወጓትም ቢሆን ከግራም ቢሊዮንኛ ገደማ ነው።

በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አልባ ስትገባ የእህቴ ልጅ እየሮጠ መጣ። እጇን ወደ ኋላ ሰብስባ «ስንት ቀረ?» አለችኝ።

«ከአስራ አንድ አንድ እጅ፣ ቢበዛ።»

ትንሽ አሰበችና አነሳችው።