የአጎቴ አይሱዙ ያልገባበት ጽሑፍ

አጎቴ ቡና ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ጊቤ ቁልቁለት ላይ አይሱዙው ተገለበጠ። ክረምት ነበር፤ አስፋልቱ ያዳልጣል። ተመስገን ነው፣ እሳቸውም ረዳታቸውም ተረፉ። ጋቢናው ግን ተጨፈለቀ። ሙሉ ኢንሹራንስ ስለነበረው መጀመሪያ ላይ ማናችንም ብዙ አልተጨነቅንም። ከዚያ ፕሮፎርማ አምጡ ተባለ፣ የፖሊስ ሪፖርቱ ማህተም ይጎድለዋል ተባለ፣ ገማቹ መስክ ወጥቷል ተባለ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት አለፉ። የባንክ ብድሩ ግን ማንንም አይጠብቅም።

እኔ እዚሁ ጅማ፣ አጂፕ ሰፈር ነው የምኖረው። ማታ ማታ ውክፔዲያ ላይ በአማርኛ እጽፋለሁ። ስለ ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጽፌያለሁ፣ ስለ ቡና ጽፌያለሁ፣ የሌሎችን የፊደል ግድፈት ለቅሜያለሁ። አንድ ማታ አጎቴ ቤት ቆይቼ፣ ተናድጄ ገባሁና የዚያን መድን ኩባንያ ገጽ ከፈትኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። «ኩባንያው ደንበኞቹን በማጉላላት ይታወቃል» የሚል። አስቀመጥኩት። ደስ አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር።

ጠዋት ስነሳ ጠፍቷል። የማላውቀው ሰው አንስቶታል፣ በማብራሪያው ላይ አንድ ቃል ብቻ ጽፎ፦ «ምንጭ?» ዓረፍተ ነገሩን መልሼ አስገባሁት። እሱም መልሶ አነሳው። ሦስተኛ ጊዜ ላስገባው ስል እጄን ያዝኩ። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ አንድን ገጽ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ መላልሶ የሚቀይርን ሰው እንደሚያግድ አውቃለሁ። ያቆመኝ ግን እገዳው አይደለም፣ ጥያቄው ነው። ይታወቃል ብያለሁ። ማን ነው የሚያውቀው? እኔ፣ አጎቴ፣ የጋራዡ ሰውዬ።

ያን ቀን ነው ገጹን ከላይ እስከ ታች በደንብ ያነበብኩት። እና ደነገጥኩ። የኔ ስድብ ከመግባቱ በፊትም ጽሑፉ ጽሑፍ አልነበረም፤ የማስታወቂያ ወረቀት ነበር። «በዘርፉ ግንባር ቀደም»፣ «ፈጣንና ቀልጣፋ አገልግሎት»፣ «የደንበኞች ቀዳሚ ምርጫ»፣ አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ «ኩባንያችን» ይላል። የለውጦቹን ታሪክ ስከፍት አብዛኛውን ያስገባው አንድ የተጠቃሚ ስም ነው። ከዚህ ገጽ ውጭ ሌላ ምንም ነክቶ አያውቅም። እሱ ከአንድ በኩል ቀለም ቀብቶታል፣ እኔ ደግሞ ከሌላው በኩል ጥላሸት።

መጀመሪያ ያደረግኩት የውይይት ገጹ ላይ ራሴን ማስታወቅ ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ዘመዴ ከዚህ ኩባንያ ጋር ያላለቀ የካሳ ጉዳይ አለው፣ ስለዚህ ስለ ካሳ አከፋፈል የሚያወራውን ክፍል በእጄ አልነካም፣ ሐሳብ ካለኝ እዚህ አቀርባለሁ፣ ሌላ ሰው አይቶ ይወስን። ቀላል ይመስላል፣ ግን ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆይቷል። ሰው አጎቱን ትቶ እንዴት ገለልተኛ ይሆናል የሚል ስሜት ነበረኝ። ከጻፍኩት በኋላ ግን ቀለለኝ። ያ «ምንጭ?» ያለኝ ሰው «አመሰግናለሁ፣ አብረን እንየው» ብሎ መለሰልኝ፣ ከዚያ በኋላ ወራት አብረን ሠራን፤ ካሳ የሚነካውን እኔ ሐሳብ አቀርባለሁ፣ እሱ አይቶ ያስገባል። ፊቱን አይቼው አላውቅም።

ቅጽሎቹን ማንሳት ቀላሉ ሥራ ነው። «ግንባር ቀደም» ወጣ፣ «አንጋፋ» ወጣ፣ በምትኩ የተመሠረተበት ዓመት ገባ፤ አንጋፋ መሆን አለመሆኑን አንባቢው ራሱ ይቁጠር። «በአሁኑ ጊዜ» የሚለውንም አወጣሁ። ስንት ቅርንጫፍ እንዳለው ሲጻፍ ከነዓመቱ ነው መጻፍ ያለበት፣ አለበለዚያ ከ5 ዓመት በኋላም «በአሁኑ ጊዜ» እያለ ይዋሻል።

የከበደኝ እውነት የሚመስለው ነው። ገጹ «ከሀገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የግል መድን ኩባንያዎች አንዱ» ይላል። ማንም አንብቦ ያልፈዋል። ግን ከደርግ በፊትም የግል መድን ኩባንያዎች ነበሩ፤ በ1967 ዓ.ም. የተወረሱት 13 ናቸው፣ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት የተቋቋመውም የእነሱን ሀብትና ዕዳ ተረክቦ ነው። የግል ኩባንያዎች እንደገና የተፈቀዱት በአዋጅ ቁጥር 86/1986 ነው፣ ተቆጣጣሪውም ብሔራዊ ባንክ ሆነ። ስለዚህ «የመጀመሪያዎቹ» የሚለው ቃል ከ1967 በፊት የነበረውን ሁሉ ያጠፋል። «ከ1986ቱ አዋጅ በኋላ ፈቃድ ካገኙት» ብለን አስተካከልነው። ኩባንያውን አላዋረድነውም፣ ታሪኩን ግን ቦታው ላይ አስቀመጥነው።

ከዚያ ቁጥሮቹ። የመድን ኩባንያዎች ሒሳባቸውን የሚዘጉት በፈረንጆቹ ጁን 30 ነው። ስለዚህ አንዱ ሰው «2015» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «2022/23» ይላል፣ ሦስተኛው ሁለቱን የተለያየ ዓመት አድርጎ ያያቸዋል። ይኼ ገጽ ላይ የሆነው እሱ ነው። አንዱ ትርፍ ሁለት ጊዜ ገብቶ፣ በተለያየ ዓመት ስም፣ ኩባንያው በየዓመቱ ይህን ያህል ያተርፋል የሚል ስሜት ይሰጥ ነበር። ማንም ሆን ብሎ አልዋሸም። ሠንጠረዡን ጎን ለጎን አድርጌ ሳስተያይ እስከ መጨረሻዋ አኃዝ አንድ ዓይነት ሆኖ ነው የነቃሁት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር እንጽፋለን።

ሌላው የዓረቦን፣ ማለትም ደንበኞች ለመድኑ የሚከፍሉት ገንዘብ ነገር ነው። ገጹ የዓመቱን ጠቅላላ ዓረቦን «ገቢ» ብሎ በደማቁ ያስቀምጣል። ዓረቦን ግን ኪስ የገባ ገንዘብ ማለት አይደለም። ከእሱ ላይ ለጠለፋ መድን፣ ማለትም ኩባንያው ራሱ ለሚገባው መድን የሚከፈል አለ፣ ካሳ አለ፣ ለወኪል ኮሚሽን አለ። እኔ በበኩሌ ንዴቴ ገና ስላልበረደ፣ ዓረቦኑን ብቻ አስቀምጬ «ይህን ሁሉ ሰብስቦ» ማለት አምሮኝ ነበር። የተከፈለውን ካሳም አብረን አስገባን፣ ከዚያው ሪፖርት፣ ከዚያው ዓመት። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከኔም ከእነሱም ቅጽል የበለጠ ይናገራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነው የደረስኩበት። በአማርኛ ስትጽፍ ፍርዱ ቅጽል ውስጥ ብቻ አይደለም የሚደበቀው፣ ግሡ ውስጥም አለ። ገጹ ላይ አንድ ጋዜጣ የዘገበው ክርክር ነበር፣ በአንድ ሹፌርና በኩባንያው መካከል። እንዲህ ይል ነበር፦ «ሹፌሩ ካሳ ተከለከልኩ አለ። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ግን ውሉ ይህን አደጋ እንደማይሸፍን ገለጹ።» አንብቤ አለፍኩት፣ ምንም አልታየኝም። ሁለተኛ ቀን ስመለስ ነው የቆረቆረኝ። ሹፌሩ «አለ»፤ ሥራ አስኪያጁ «ገለጹ»። አንዱ አንተ፣ ሌላው አንቱ። ደግሞ «ገለጸ» ስንል የተናገረው እውነት ነው ማለታችን ነው፣ የተሸፈነ ነገር ገለጠልን እንደ ማለት። «አለ» ግን እሱ ነው ያለው፣ እኔ የለሁበትም ነው። በአንድ መስመር ውስጥ ሳንሳደብ፣ ሳናሞግስ፣ ፈርደናል።

አጎቴም ሹፌር ናቸው። ቤት ውስጥ ማንም አንተ ብሏቸው አያውቅም።

ስለዚህ ለሁለቱም አንድ አደረግነው፦ «ሹፌሩ ካሳ እንደተከለከሉ ተናግረዋል፤ ሥራ አስኪያጁ ውሉ አደጋውን አይሸፍንም ብለዋል።» ያ «ምንጭ?» ያለኝ ሰው መጀመሪያ ሁለቱንም ወደ «አለ» እናውርዳቸው ብሎ ነበር፣ ኢንሳይክሎፒዲያ አንቱታ አያስፈልገውም ብሎ። ክርክሩ ጥሩ ነው። እኔ ግን ለአማርኛ አንባቢ ሽማግሌ ሰውን «አለ» ማለት ራሱ ንቀት ሆኖ ይሰማል ባይ ነኝ። ዋናው እኩል መሆኑ ነው፣ ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም። «አመነ»፣ «ካደ»፣ «አስተባበለ»፣ እነዚህንም ከነጭራሹ ተውናቸው። «አመነ» ካልክ ጥፋት ነበር ብለሃል። «ብቻ» እና «እንኳ»ም እንዲሁ ናቸው፤ «12 ቅርንጫፎች» እና «12 ቅርንጫፎች ብቻ» አንድ ቁጥር ሆነው ሳለ ሁለት ሐሜት ናቸው።

ለወቀሳው ምንጭ ፍለጋ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። የፌስቡክ አስተያየት ሞልቷል፣ ግን ምንጭ አይሆንም፣ ማን እንደጻፈው አይታወቅም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ ታትመዋል፣ በውስጣቸውም የመድን ክርክር አይጠፋም። ደስ ብሎኝ ገልብጬ ላስገባ ነበር። ችግሩ ግን፣ ውሳኔው ራሱ ጥሬ ሰነድ ነው፣ ሌላ ሰው ስለ እሱ የጻፈው ትንታኔ አይደለም፤ ችሎቱ እንዲህ ወሰነ ማለት እችላለሁ፣ ከዚያ ተነስቼ «ይህ የኩባንያውን ባሕርይ ያሳያል» ማለት ግን የራሴ ምርምር ይሆናል። ያንን የሚል የሕግ መጽሔት ካገኘሁ እሱን እጠቅሳለሁ። ካላገኘሁ ዝም። አንድ ክስ ያሸነፈና አንድ ክስ የተሸነፈ ካለ ደግሞ ሁለቱም ይገባሉ። «ወቀሳ» የሚል ርዕስ ሠርተን መጥፎውን ሁሉ እዚያ ማጎሩንም ተውነው፤ እያንዳንዱን በየጉዳዩ ሥር፣ ካሳውን ካሳ ጋር፣ የሒሳቡን ሒሳብ ጋር አስቀመጥነው።

በመሐል አንድ ቀን ቅርንጫፉ ውስጥ የምትሠራ አብሮ አደጌ ቡና ልጋብዝህ አለችኝ። ገና ስኳሩን ሳላማስል «ያን ገጽ የምታበላሸው አንተ ነህ አይደል?» አለች። ማበላሸት ባልለውም እኔ ነኝ አልኳት።

«አለቃችን መልሰሽ እንደነበረው አድርጊው ብሎኛል። እኔ ነኝ ያን ሁሉ የጻፍኩት፣ ታዝዤ።»

ፊቷ ላይ ጭንቀት ነበር። እሷን ምን እላታለሁ። ስልኬን አውጥቼ የውክፔዲያን የአጠቃቀም ስምምነት አሳየኋት። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ 2014 ማለት ነው፣ ለሥራው እየተከፈለው የሚጽፍ ሰው ማን እንደሚከፍለው መናገር ግዴታው ነው። አልከለከሉሽም፣ ተናገሪ ነው ያሉሽ፣ አልኳት። የተሳሳተ ነገር ካለ የውይይት ገጹ ላይ ሠራተኛ መሆንሽን ጽፈሽ አሳዪን፣ እናርማለን። ዝም ብላ አየችኝ። በሳምንቱ ጻፈች፣ በራሷ ስም፦ የኩባንያው ሠራተኛ ነኝ፣ የተከፈለው ካፒታል አሮጌ ቁጥር ነው፣ አዲሱ ይኸው ከታተመው ሪፖርት። ትክክል ነበረች። የዚያኑ ቀን አረምነው። ከኔ ጋር በግልጽ ተጻራሪ ወገን የሆነች ሰው ከብዙ ገለልተኞች የተሻለ እርማት ሰጠችን፣ ምክንያቱም የቤቱን ወረቀት ታውቃለች።

ገጹ አሁን ከድሮው ግማሽ ያንሳል። ማንም ሙሉ በሙሉ አልወደደውም። አለቃዋ ደረቅ ነው ብሏል አሉ።

የአጎቴ ካሳ በኋላ ተከፈለ፣ ከጠየቁት ያነሰ ቢሆንም። ገንዘቡ በተከፈለ ሰሞን ቤታቸው ሄጄ ጽሑፉን በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ በጣታቸው እየገፉ፣ በርጩማቸው ላይ ጎንበስ ብለው እስከ መጨረሻው አነበቡ።

«የኔ መኪና የለችበትም» አሉ።

«የለችም ጋሼ። ጋዜጣ ላይ አልወጣችማ።»

አልተቆጡም። ጥቂት ዝም ብለው ግን አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፣ የጅማ ቅርንጫፍ በ1996 ዓ.ም. ተከፈተ የሚለው ላይ። «ይኼ ውሸት ነው» አሉ። ተነስተው ከቁምሳጥኑ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አመጡ። የመጀመሪያ መኪናቸው የዓረቦን ደረሰኝ ነው፣ ከነማህተሙ፣ እዚሁ ጅማ ቅርንጫፍ የተቆረጠ። ዓመቱ 1993 ይላል።

እንደማልጠቅሰው ነገርኳቸው፤ ያልታተመ ነው፣ ማንም ሄዶ ሊያየው አይችልም። 1996 የሚለውን ግን ፈትሼ ምንም ምንጭ እንደሌለው አየሁ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ ዓመቱን አወጣሁትና ቅርንጫፉ ጅማ አለ የሚለውን ብቻ ተውኩ። አጎቴ ስክሪኑን አዩት፣ ቁጥሩ መጥፋቱን አረጋገጡ፣ ደረሰኙን በላስቲኩ ጠቅልለው ወደ ቁምሳጥኑ መለሱት።