በሁለቱ መስታወቶች መካከል

ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ምክንያቱን እኔም አላውቀው። ተነስቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። የግራው መስታወት ዛሬም ደፍርሷል። በእጅጌዬ ጠረግኩት፤ አልጠራም። ከፍቼ በውጭ በኩል ጠረግኩት፤ ያው ነው። ጭጋጉ ያለው እጅ የማይደርስበት ቦታ ነው፤ በሁለቱ መስታወቶች መካከል።

ባለቤቴ «በቃ ሁሉንም ነቅለን አዲስ እናስገባ» ካለች ሰነበተች። ባለሙያውም የሚለው ይህንኑ ነው። የኔ ልብ ግን አልቆርጥ ብሏል።

ክፈፉ ምን አጠፋ? የታችኛውን ጥግ በጥፍሬ ተጫንኩት፤ እንጨቱ ጠንካራ ነው። መበስበስ የሚጀምረው ውሃ ከሚጠራቀምበት ከዚያ ጥግ ነው፤ እሱ ደህና ከሆነ ሌላው ብዙም አያሳስበኝም። ማጠፊያው ላልቷል፤ በካቻቢቴ ይስተካከላል። ዙሪያውን ያለው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ይቀየራል። መስታወቱም ቢሆን ልኩ ተወስዶ ሌላ ጥንድ ታሽጎ ይመጣል፤ እዚያው ክፈፍ ላይ ይገባል። ቀዳዳ በስቶ ጭጋጉን ማድረቅ የሚባል ነገርም አለ። እሱን አላምንበትም። የላላውን ማሸጊያ አይመልሰውም።

አዲሱ እንደሚሻል አልክድም። ክብሪት ጭሬ መስታወቱ ፊት ያዝኩ። አራት ነበልባል ታየኝ፤ አራቱም አንድ ቀለም። አንዱ ቀለሙ ቢለይ ኖሮ ሙቀት የሚመልስ ስስ ቅብ አለው ማለት ነበር። የለውም። እንዲህ ያለው አሮጌ ድርብ መስታወት ሙቀት የሚያሳልፍበት ልክ በካሬ ሜትር፣ ለአንድ ዲግሪ ልዩነት 2.8 ዋት ገደማ ነው። ቅብ ያለውና አርጎን የሚባል ሙቀት በደንብ የማያሳልፍ ጋዝ የተሞላው አዲሱ ወደ 1.1 ይወርዳል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሙቀቱ ቤት ይቀራል። ግን ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣው መስታወቱ ነው። ክፈፉ የአዲሱን ውፍረት ከቻለ ለምን ይነቀላል? ደህና እንጨት አውጥቶ መጣል ያንገበግበኛል።

ልኩን ልወስድ ጠጋ ስል ጠርዙ ላይ ያለችው ቀጭን የአልሙኒየም ዘንግ ላይ ጽሑፍ አየሁ። 1996 እ.ኤ.አ. ይላል። ለካ ይህ መስኮት የዚያን ዓመት አየር ይዞ ነው የታሸገው! የአንድ ቀን አየር፣ የአንድ ፋብሪካ አየር፣ ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ቤት ተቀምጦ።

አሁን ግን የለም። ቀን ፀሐይ ሲመታው የታሸገው አየር ይለጠጣል፤ ሌሊት ሲበርድ ይኮማተራል። ይህን በየቀኑ የሚችለው ዙሪያውን የያዘው ማሸጊያ ነው። እየቆየ ይደክማል። ያኔ እርጥበት ሰርጎ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ምንም አይታይም፤ ምክንያቱም በዘንጉ ውስጥ እርጥበት የሚመጥጡ ጥቃቅን ፍሬዎች አሉ። ከአዲስ ጫማ ጋር በትንሽ ከረጢት የሚመጡት ዓይነት ናቸው። የገባውን ሁሉ ዝም ብለው ይመጥጣሉ። ጭጋጉ ብቅ የሚለው እነሱ ጠግበው መያዝ ሲያቅታቸው ነው። እኛ ዛሬ ደፈረሰ ስንል፣ እሱ ከላላ ቆይቷል።

በዚያ ዓመት እኔና ታናሼ አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። ብርድ ልብሱን ወደራሱ ይስባል፣ እኔም እስባለሁ፤ ስንሳሳብ ይነጋል። የሚነግረኝ ነገር አያልቅበትም ነበር። ዛሬ የምንደዋወለው ሰው ሲሞት ወይ ሲወለድ ነው። አልተጣላንም። አንድም ክፉ ቃል አልተነጋገርንም። መቼ እንደራቅን ብጠየቅ ቀኑን ቀርቶ ዓመቱን አላውቀውም። እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።

ሜትሩ መስኮቱ ደፍ ላይ ቀርቷል፤ ልኩንም አልወሰድኩም። ስልኩን ይዤ ስሙ ላይ ቆሜያለሁ። ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳይወለድ ብደውልለት መጀመሪያ የሚለኝ «ምን ተፈጠረ?» ነው። ምን ብዬ ልመልስለት?