ሥራ የሚችል ርካሽ ሰንጢ አመራረጥ፦ እስካሁን የደረስንበት

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ «ለከባድ ሥራ» እየተባሉ የሚሸጡት ሰንጢዎች አብዛኞቹ መልካቸው አንድ ነው፦ ወፍራም ስለት፣ ጥቁር ቀለም፣ እጀታው ጫፍ ላይ መስታወት መስበሪያ፣ ከጎኑ የመቀመጫ ቀበቶ መቁረጫ። ዋጋውን የሚያስወድዱት እነዚህ ናቸው፤ ጉልበቱን የሚሸከመው ግን ሌላ ነው። ታጣፊ ሰንጢ ላይ መጀመሪያ የሚከዳው መታጠፊያው ስለሆነ፣ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ስለቱ ተከፍቶ እንዲቆም የሚይዘው ቁልፍ፣ የመታጠፊያው ቡሎንና የብረቱ ጥንካሬ ነው።

ከቁልፉ እንጀምር። ርካሾቹ ላይ የሚበዛው ላይነር ሎክ ነው። እጀታው ውስጥ ያለች ቀጭን ላሜራ ስለቱ ሲከፈት ወደ ውስጥ ተወርውራ ከስለቱ ተረከዝ (መታጠፊያው ዘንድ ካለው የኋላ ጫፉ) ኋላ ትቆማለች። ላሜራዋ ከ1.2 ሚሊ ሜትር ከቀጠነች ሰንጢው ለካርቶንና ለሲባጎ እንጂ ለጉልበት ሥራ አይሆንም፤ 1.5 ከሆነች ደህና ነው። ስለቱን ከፍታችሁ በእጀታው ክፍት ጎን በኩል አጮልቁ። ላሜራዋ የተረከዙን ውፍረት ከሩብ እስከ ግማሽ ይዛ ከቆመች ጥሩ ነው። ጠርዙን ብቻ ነክታ ከቀረች ስትጫኑት ትንሸራተታለች፤ ስለቱም ጣት ላይ ይዘጋል። ገና አዲስ ሳለ እስከ ወዲያኛው ጎን ከደረሰች ደግሞ ሲበላ የምትጠጋበት ቦታ አልቀራትም፣ ብዙም ሳይቆይ ስለቱ ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዝ ይጀምራል። ፍሬም ሎክ የሚባለው፣ የእጀታው አንዱ ጎን ራሱ መቆለፊያ የሚሆንበት፣ በተመሳሳይ ዋጋ ከተገኘ ይመረጣል፤ አጥብቃችሁ ስትይዙት መዳፋችሁ ራሱ ቁልፉን ይደግፈዋል።

የእጀታው ጀርባ ላይ ተጭኖ የሚከፈተው ቁልፍ ጠንካራ ነው፤ ጠላቱ ግን ቆሻሻ ነው። የሲሚንቶ ብናኝ ወይም ጭቃ ከገባበት ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ጉድጓዱ ውስጥ አይቀመጥም፤ የተቆለፈ ይመስላል እንጂ አልተቆለፈም። የግንባታ ሥራ ላይ ያላችሁ በየጊዜው በስንጥር ጎርጉሩት። ኦፒኔል የሚባለው የፈረንሳይ ሰንጢ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዘው፣ ስለቱን የሚቆልፍ የሚዞር ቀለበት ቀላልና አስተማማኝ ነው፤ እጀታው እንጨት ስለሆነ ግን በደሴ ክረምት እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን ጨምቆ አላወጣም ይላል። ምንም ቁልፍ የሌለውን፣ በስፕሪንግ ብቻ የሚቆመውን ሰንጢ በጫፉ ለሚገፋ ሥራ አትግዙት።

ሱቅ ውስጥ የሚደረገው ፈተና ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እጀታውን በአንድ እጅ ጨብጣችሁ የስለቱን ጫፍ ግራና ቀኝ ነቅንቁ። ከተነቃነቀ ሻጩ ቡሎኑን በባለኮከብ መፍቻ (ቶርክስ) ያጥብቀው፤ መታጠፊያው ላይ ብዙውን ጊዜ 8 ቁጥር ነው፣ የእጀታዎቹ ደግሞ 6። ሲጠብቅ የሚደርቅ፣ ትንሽ ሲላላ የሚነቃነቅ ከሆነና መሐል ላይ ልኩን ካጣችሁለት፣ ወይ ቀዳዳው ሰፍቷል ወይ ሮንዴላው ጥራት የለውም፤ መልሱት። ቀጥሎ ዘግታችሁ እዩት፤ ስለቱ ከሁለቱ ጎኖች መሐል ሊያርፍ ይገባል። በመጨረሻ ከፍታችሁ፣ ጣቶቻችሁን ከስለቱ መመለሻ መንገድ አውጥታችሁ፣ የስለቱን ጀርባ እንጨት ላይ አስደግፋችሁ ቀስ እያላችሁ ተጫኑ። ጠረጴዛ ላይ በኃይል ማንጓት ግን ደህናውንም ቁልፍ ያበላሻል፣ ከሻጩም ጋር ያጣላል።

ማግኔት ይዞ የሚዞር ገዢ አለ፤ «ካልሳበው የማይዝግ ነው፣ ኦሪጅናል ነው» ይላል። ለድስት ይሠራ ይሆናል፤ ለሰንጢ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ለስለት የሚሆነው የማይዝግ ብረት ግሎ በመነከር የሚጠነክር ዓይነት ነውና ማግኔት ይስበዋል። ማግኔት ጨርሶ የማይነካው ስለት ለማንኪያና ለመታጠቢያ ገንዳ ከሚውለው ብረት ወገን ነው፤ እንዲህ ያለው ግሎ ቢነከርም አይጠነክርም፣ አንድ ጆንያ ሳይከፍት ይደንዛል።

ስለቱ ላይ የተጻፈውን የብረት ዓይነት አንብቡ። «ስቴይንለስ» ብቻ ካለ ምንም አልነገራችሁም። 3ሲአር13 ካርቦኑ 0.3 በመቶ ገደማ ስለሆነ ለስላሳ ነው። 8ሲአር13ኤምኦቪ 0.8 በመቶ አካባቢ ካርቦን አለው፣ በደንብ ከተሠራ በሮክዌል የጥንካሬ መለኪያ ከ57 እስከ 59 ይደርሳል፤ በርካሽ ዋጋ ከሚገኙት ይህን እናስቀድማለን። ዲ2 አፉን ረጅም ጊዜ ይይዛል፣ ግን የማይዝግ ነው ቢሏችሁ አትመኑ፤ ለመሳልም ያስቸግራል። ጽሑፍ ፎርጅድ ሊሆን ስለሚችል ቤት ስትገቡ ተረከዙ አጠገብ፣ ጀርባው ላይ፣ በስል ሞረድ አንዴ ፈተግ አድርጉት። ሞረዱ ሚስማርን እንደሚነክሰው ነክሶ ከሄደ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ አብዛኛውን እየተንሸራተተ ጥቂት ብቻ ከጫረ ደህና ነው።

ውፍረትን በተመለከተ፣ ጀርባው 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ዋናው ከአፉ በላይ ወዲያው ያለው ቦታ ነው፤ እዚያ ከ0.5 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይቆርጣል። ጀርባው 4 ሆኖ አፉ ዘንድ 1 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው የጭነት ሸራ ወይም ወፍራም ገመድ ላይ ይወተፋል፣ ያን ጊዜ ሰው ያወዛውዘዋል፣ ጠምዝዞ ይገፋል፤ ያ ሁሉ ጫና የሚያርፈው ቁልፉ ላይ ነው። የስለት ርዝመት ከ8 እስከ 9.5 ሴንቲ ሜትር ይብቃችሁ። ግማሹ መጋዝ የሆነ ስለት የናይለን ገመድ ለሚቆርጥ ሾፌር ይጠቅማል፤ ጥርሱ ግን በጠፍጣፋ ድንጋይ አይሳልም።

አሁን እየተለማመድን ያለነው አሳሳሉን ነው። ለሥራ ሰንጢ በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ይበቃል። ከጀርባ እስከ አፍ 25 ሚሊ ሜትር ለሆነ ስለት ጀርባውን ከድንጋዩ 8.5 ሚሊ ሜትር ማንሳት ማለት ነው፤ ካርቶን አጣጥፎ በዚያ ልክ ማስደገፍ እጅን ያስለምዳል። ድንጋይ ከሌለ 400፣ ከዚያ 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግቶ ውሃ ማርከፍከፍ ይቻላል። አንዱን ጎን ስትስሉ በሌላኛው ጎን በሙሉ ርዝመቱ ቀጭን ሸካራ ጠርዝ በጣት እስኪሰማ አትገልብጡ፤ ብዙ ሰው «አልሳል አለኝ» የሚለው ከዚህ በፊት ስለሚያቆም ነው። መጨረሻ ላይ ቆዳ ቀበቶ ላይ፣ ጀርባውን አስቀድማችሁ ጎትቱት። በሚሽከረከር የኤሌክትሪክ ድንጋይ የሚስል ሰው ጋ ከወሰዳችሁት ቀለሙን ተከታተሉ፤ አፉ ላይ ሰማያዊ ከታየ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ጥንካሬው ሄዷል፣ ያ ክፍል ተፍቆ እስኪያልቅ ስል ሆኖ አይቆይም።

ሎሚ ወይም ሥጋ ከቆረጣችሁበት በኋላ አጥባችሁ አድርቁ፣ መታጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨምሩ። የምግብ ዘይት ሲደርቅ ይጣበቃል። ራሱን የሚያላላ ቡሎን ጥርሱ ላይ ትንሽ የጥፍር ቀለም ይበቃዋል፤ በሱፐር ግሉ ያጣበቀ ሰው ዳግም ላይፈታው ይችላል። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የምትሄዱ ሰንጢውን የምታስጭኑት ሻንጣ ውስጥ ክተቱ፣ በእጅ ቦርሳ አያልፍም።