የተጠማዘዘ አንጀት በራጅ ላይ

ተራው የሆድ ራጅ ተፈላጊነቱ እየቀነሰ የመጣ ምርመራ ነው። ሲቲ ስካን በማንኛውም ሰዓት በሚገኝባቸው ሆስፒታሎች ድንገተኛ የሆድ ሕመም የያዘው ሰው ራጁን ዘሎ ወደ ሲቲ ክፍል ይገባል፤ ራጅ የትርፍ አንጀትንም ሆነ የቆሽትን ቁስለት በአስተማማኝ ሁኔታ ስለማያሳይ አሠራሩ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን ራጁን እንድንንቅ የማይፈቅድ አንድ በሽታ አለ፤ እርሱም ሲግሞይድ የሚባለው የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል በራሱ ዙሪያ ሲጠማዘዝ የሚፈጠረው መዘጋት ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ የትልቁ አንጀት መዘጋት ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰበው ካንሰር ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን ይህ መጠማዘዝ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። በብዛት የሚታየው በወንዶች፣ በተለይም ዕድሜያቸው በገፋ ገበሬዎች ላይ ነው። ሲግሞይዱ ረጅም፣ ከሆድ ግድግዳ ጋር የሚያያይዘው ሽፋን ሥር ደግሞ ጠባብ ሲሆን መዞሩ ቀላል ይሆናል፤ ለአንጀቱ መርዘም አሰር የበዛበት ምግብ እንደ ምክንያት በተደጋጋሚ ይጠቀሳል።

የራጁ ፊልም ከመታየቱ በፊት መዘጋት መኖሩን የሚጠቁም አንድ ጥያቄ በአግባቡ መመለስ አለበት፦ «አባባ፣ በፊንጢጣ በኩል አየር ይወጣልዎታል?» ብዙ አዛውንቶች ይህን ሲጠየቁ፣ በተለይ ጠያቂዋ ወጣት ሐኪም ከሆነች፣ አፍረው «ደህና ነው» ብለው ያልፉታል። ስለዚህ አስታማሚውን ለብቻ መጠየቅ ይበጃል፤ የራጅ መጠየቂያው ወረቀት ላይ «የሆድ ሕመም» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ የሚያነበው ሰው ግማሹን መረጃ አጥቷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ የተነፋው የትኛው አንጀት እንደሆነ መለየት ነው። ቀጭኑ አንጀት ብዙውን ጊዜ መሐል ላይ ይሰበሰባል፤ እጥፋቶቹም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሻገራሉ። ትልቁ አንጀት ዳር ዳሩን ይይዛል፤ እጥፋቶቹም አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ስፋታቸው ቀጭኑ ከ3፣ ትልቁ ከ6፣ የትልቁ መነሻ የሆነው ሴከም ደግሞ ከ9 ሴንቲሜትር ካለፈ ከልክ በላይ ተነፍቷል ይባላል።

የተጠማዘዘው ሲግሞይድ ከዳሌ ተነሥቶ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ የላይኛው ሆድ ያመራል፤ እጥፋቶቹ ጠፍተው ግድግዳው ለስልሶ ይታያል። ጎን ለጎን የተጣበቁት ሁለቱ ውስጣዊ ግድግዳዎች አንድ ወፍራም መስመር ሆነው መሐሉን ይከፍሉታል፤ በዚህም የተነሣ መጻሕፍቱ ምስሉን የቡና ፍሬ ይሉታል፤ ቡና ለቅሞና ቆልቶ ላደገ የእኛ አገር ተማሪ ማብራሪያ የማያስፈልገው ስያሜ ነው። ችግሩ ምስሉ ሁልጊዜ እንዲህ አምሮ አለመምጣቱ ነው። ለረጅም ጊዜ በተኛ ሕመምተኛ ላይ ሳይጠማዘዝ የተነፋ ትልቅ አንጀትም ያሳስታል። እኔ ስጠራጠር የጥምዙ ጫፍ ከአግዳሚው አንጀት (ሆድን በአግድም ከሚያቋርጠው የትልቁ አንጀት ክፍል) በላይ መውጣቱን፣ በጉበት ጥላ ላይ መደረቡን፣ ፊንጢጣ አካባቢም አየር መጥፋቱን እፈልጋለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ግን ቀጭኑ አንጀት በሲግሞይዱ ሥር ተጠምጥሞ ሁለቱም የሚቋጠሩበት ሁኔታ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ብርቅ አይደለም። ራጁ ላይ ከትልቁ ጥምዝ ጋር የተነፋ ቀጭን አንጀት ይታያል፤ ሕመምተኛው ሕመሙ ከጀመረው ገና ሰዓታት ቢሆኑትም እጅግ ተዳክሞ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ተራ ጥምዝ ነው ብሎ በፊንጢጣ ቱቦ በማስገባት ማስተንፈስ አብዛኛውን ጊዜ አይሳካም፤ ለቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውንም ጊዜ ይሻማል።

ራጅ አንጀቱ በሕይወት መኖሩን አይነግርም። ቆሞ በተነሣ የደረት ራጅ ላይ ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ፣ ከድያፍራም፣ በታች የሚታይ አየር አንጀቱ መበሳቱን ያመለክታል፤ አየሩ አለመታየቱ ግን አንጀቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። የደም ዝውውሩ ተቋርጦ የጠቆረ አንጀት ሳይበሳ ሊቆይ ይችላል። ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሆድ መደንደንና ደም የቀላቀለ ሰገራ ከፊልሙ ይልቅ ሊታመኑ ይገባል፤ እነዚህ ካሉ በሲግሞይዶስኮፕ (በፊንጢጣ ገብቶ የአንጀቱን ውስጥ በሚያሳይ መሣሪያ) እየታየ የሚገባው ቱቦ ቀርቶ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ይኬዳል።

በእኔ አስተያየት ሪፖርት «የሲግሞይድ መጠማዘዝ ይታያል» ብሎ መቆም የለበትም። ቀጭኑ አንጀት አብሮ መነፋቱን ወይም አለመነፋቱን፣ ከአንጀት ውጭ የወጣ ነጻ አየር መኖር አለመኖሩን፣ የአንጀቱን ሕያውነት ከዚህ ምስል መለየት እንደማይቻልም መግለጽ ይገባዋል። ወረቀቱ እስኪደርስ ሳይጠበቅ ለተረኛው የቀዶ ሐኪም ስልክ መደወልም ያስፈልጋል። አንጀቱ ከተነፈሰ በኋላ ሌላ ራጅ ተነሥቶ ጥምዙ መፈታቱ ይረጋገጣል። በዚህ ጊዜ ሆዱ የጎደለለት ሕመምተኛ ድኛለሁ ብሎ ወደ አዝመራው ለመመለስ ይቸኩላል፤ ቱቦው ግን ረጅሙን ሲግሞይድ ስለማያሳጥረው ጥምዙ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ቀዶ ሕክምናውም ከሆስፒታል ሳይወጣ ቢሠራለት ይመረጣል።