ላንድክሩዘር ከውጭ ለማስገባት ሞክሬ ያወቅሁት

የምኖረው ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከጎጃም አስፋልት ታጥፎ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ካለ ቦታ ነው። መሬቱ ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይጠቀለላል። ላሞች አሉኝ፤ ወተቱ በጠዋት አስፋልት ዳር ካልደረሰ ተረካቢው ጥሎኝ ይሄዳል። በ2012 ክረምት ትንሿ ቪትዜ ጭቃ ውስጥ እየተቀረቀረች ሁለት ቀን ሙሉ ወተት ደፋሁ። ፎር ባይ ፎር ከውጭ ላስገባ ብዬ የተነሳሁት ያኔ ነው።

መጀመሪያ የደወልኩት እንግሊዝ ላለው የአክስቴ ልጅ ነበር። ዲፌንደር የሚባለው ላንድሮቨር አለው፤ «ውሰደው፣ የማጓጓዣውን ብቻ ቻል» አለኝ። ደስታዬ ግን ከሦስት ቀን አላለፈም። የእንግሊዝ መኪና መሪው በቀኝ ነው፤ እኛ ደግሞ ከሰኔ 1956 ጀምሮ በቀኝ የምንነዳ ሕዝብ ስለሆንን መሪው በግራ መሆን አለበት። ይህን የነገረኝ ጫንጮ ያሉት ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። አንድ ነገርም ጨመሩልኝ፦ «ልጄ፣ የላንድሮቨር ላሜራ አሉሚኒየም ነው፤ አይዝግም። ሻንሲው፣ መኪናውን ከሥር የሚሸከመው አጽም፣ ግን ብረት ነው። ከላይ አብረቅርቆ ከሥር የበሰበሰ ሊመጣልህ ይችላል።» ልክ ነበሩ። እንግሊዝ አገር በብርድ ወራት አስፋልት ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ደግሞ ሻንሲ ይበላል። የአክስቴ ልጅ ከሥር ገብቶ ፎቶ ሲልክልኝ የኋላው ክፍል ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው። ይህ የድሮው ዲፌንደር ምርቱ በጥር 2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስላበቃ፣ ሻንሲው ደህና የሆነው በየዓመቱ እየተወደደ ነው።

ከዚያ ፊቴን ወደ ዱባይ አዞርኩ። እዚያ መሪው በግራ ነው፤ 70 የሚባለው የላንድክሩዘር ዘርም በብዛት ይገኛል። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅርጹ ብዙም ሳይለወጥ የሚመረት፣ ያለ ኮምፒውተር በመፍቻ የሚጠገን መኪና ነው። አሥር ዓመት ያገለገለ አንድ ሃርድቶፕ አገኘሁና በጥቅምት 2013 ሒሳቡን እንዲሠራልኝ አንድ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ዘንድ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። እኔ ግብሮቹ ጎን ለጎን የሚደመሩ ይመስለኝ ነበር። አይደሉም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይጫናል። ጭነትና ኢንሹራንስን ጨምሮ 10,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና እንውሰድ። ያኔ የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ ነበር፤ ይህ 3,500 ነው። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት ኤክሳይዝ የሚባለው ግብር የሚታሰበው ቀረጡ ከተጨመረ በኋላ ባለው 13,500 ላይ ነበር። ሞተሩ ከ1800 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ መኪና 100 በመቶ ይከፍል ነበር፤ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለው ግን 500 በመቶ። ስለዚህ 67,500። አሁን 81,000 ደርሰናል። በዚያ ላይ ቫት 15 በመቶ፣ በዚያም ላይ ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ግብር 10 በመቶ፣ መጨረሻ ላይ ከመነሻው ዋጋ 3 በመቶ ዊዝሆልዲንግ (ቀድሞ የሚቆረጥ የገቢ ግብር)። ጠቅላላው ከ102,000 ዶላር በላይ ሆነ፤ የመኪናው አሥር እጥፍ ማለት ነው። ትራንዚተሩ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

አሜሪካ ላለው ወንድሜ ይህን ስነግረው በጣም ተገረመ። እዚያ ሕጉ ተቃራኒ ነው። የአገሪቱን የደህንነት መስፈርት ሳያሟላ የተሠራ መኪና ለመንገድ እንዲውል የሚገባው 25 ዓመት ሲሞላው ነው። 70ው ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በአከፋፋይ ተሸጦ አያውቅም። ስለዚህ እዚያ የሚወደደው ያረጀው ነው፤ ዕድሜ በሩን ይከፍትለታል። እኛ ጋ ዕድሜ በሩን ይዘጋዋል። በሁለቱም አገር መኪናው ብርቅ ነው፤ ብርቅ ያደረጉት ምክንያቶች ግን አይገናኙም።

ሐሳቡን ትቼ አገር ውስጥ ያለ መፈለግ ጀመርኩ። የከፋው ስህተቴም የመጣው ያኔ ነው። አንድ ሻጭ በጥሩ ሁኔታ የተያዘ ላንድክሩዘር አሳየኝ፤ ዋጋው ከገበያው በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ሊብሬውን አይቼ ቀብድ ሰጠሁ። ዲክላራሲዮኑን፣ መኪናው በጉምሩክ እንዴት እንደገባ የሚያሳየውን ሰነድ፣ የጠየቅሁት ከሰጠሁ በኋላ ነው። መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ነበር። እንዲህ ያለ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት፤ ያንን የሚከፍለው ደግሞ እኔ ልሆን ነበር። በሽማግሌ ተለምኖ ከቀብዱ ግማሹ ብቻ ተመለሰልኝ። አሁን ማንም ሰው ምክር ሲጠይቀኝ የምለው አንድ ነው፦ ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት ዲክላራሲዮኑን አንብብ፤ ቀጥሎ በቀኝ በኩል የፊት ጎማ አጠገብ ብረቱ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያይ።

በጥር 2016፣ በእኛ አቆጣጠር፣ መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። በዚያ ሰሞን አገር ውስጥ ያለው ነዳጅ መኪና ዋጋ ሲወጣ በዓይኔ አየሁ። የቤት ጓደኛዬ «ከዚህ በኋላ የምትጠብቀው ምንድን ነው?» አለችኝ፤ እውነቷን ነበር። መጋቢት ላይ ሁለት ጥጆች ሸጬ፣ ከእቁቡ ጨምሬ፣ ቀረጡ የተከፈለበት የ1999 እ.ኤ.አ. ሞዴል ሎንግ ቤዝ ላንድክሩዘር ገዛሁ። 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ነው። ሽማግሌው መካኒክ ከሥሩ ግማሽ ቀን ተኝተው መረመሩት። የአንድ ኩሽኔታና የባሌስትራ ጎሚኒዎች ለውጥ ብቻ ጠየቁ፤ ሁሉንም ከሶማሌ ተራ፣ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ በአንድ ቀን አገኘሁ። ዲፌንደር ቢሆን ኖሮ ዕቃውን ስፈልግ ሳምንታት በሄዱ ነበር።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀረጥ የሚሰላው በብር ነውና፣ ያን የትራንዚተር ወረቀት አውጥቼ በአዲሱ ምንዛሪ ደግሜ አሰላሁት፤ ከዚያ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ መለስኩት።

ባለፈው ወንድሜ ደውሎ የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ እንድልክለት ጠየቀኝ። መኪናዬ 25 ዓመት ሞልቶታል፤ አሜሪካ መግባት ይችላል፤ ጥሩ ዋጋም ያወጣል። ፎቶውን ላክሁለት። ከሥሩ ግን እንደማልሸጠው ጻፍኩለት፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ወተቱ በሰዓቱ አስፋልት ደርሶ ነበር።