ባቲ በጂሚ ሄንድሪክስ ጊታር

አሜሪካዊው የሮክ ጊታር ተጫዋች ጂሚ ሄንድሪክስ መስከረም 8 ቀን 1963 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ሲሞት 27 ዓመቱ ነበር። የእንቅልፍ ክኒን ከልክ በላይ ወስዶ በተኛበት ትውከት ትንፋሹን ዘጋው። እዚህ ደሴ ስሙን ሳነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ጊታሩን መድረክ ላይ ማቃጠሉን ነው። አዎ፣ በሰኔ 1959 ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ላይ አቃጥሏል። በስድስት ክር ያን ሁሉ የሠራ ሰው በአንድ ክብሪት ሲታወስ ግን ያናድደኛል።

እኔ ግራኝ ነኝ። ጊታር ስጀምር ያስተማረኝ ሰው «በቀኝህ ካልመታህ አይሆንም» ብሎኝ ነበር። ሄንድሪክስም ግራኝ ነው። ለቀኝ እጅ የተሠራውን ፌንደር ስትራቶካስተር የተባለ የኤሌክትሪክ ጊታር ገልብጦ ክሮቹን ለራሱ እጅ እንዲስማሙ መልሶ ይወጥራቸዋል። ይህ ለመልክ ብቻ የሚደረግ አይደለም። የዚያ ጊታር የኋለኛው ፒክአፕ፣ ማለትም የክሮቹን ንዝረት ተቀብሎ ወደ ማጉያው የሚልከው ክፍል፣ ሰያፍ ሆኖ ነው የተገጠመው። ጊታሩ ሲገለበጥ ለቀጭኖቹ ክሮች የታሰበው ጫፍ በወፍራሞቹ ሥር ይውላል፤ ወፍራሞቹ ጠንከር፣ ቀጭኖቹ ለስለስ ይላሉ። የወፍራሙን ክር ድምፅ ደግሞ በአውራ ጣቱ ከጊታሩ አንገት በላይ ዞሮ ይይዝና አራቱን ጣቶች ለዜማው ይለቃቸዋል። ይህን ይዞ መምታት እጅ ይፈትናል፤ እኔ አሁንም እታገለዋለሁ።

ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ክራር መቺ አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ቀን ከሄንድሪክስ ዘገምተኛ ብሉዞች አንዱን አስደመጥኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና፣

«ይህ እኮ ባቲ ነው። ማን አስተማረው?» አሉኝ።

ክራራቸውን አንሥተው ጆሯቸውን ወደ ክሮቹ ጠጋ አድርገው ቃኙና አብረውት ገቡ። አልተሳሳቱም። አነስተኛው የባቲ ቅኝት እና ብሉዝ የቆሙባቸው አምስት ድምፆች አንድ ናቸው፤ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። ሄንድሪክስ ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ ነው የተማረው፤ በ1954 ከጦር ሠራዊቱ ከወጣ በኋላም በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ክበቦች ለዓመታት ሌሎችን እያጀበ ነው የበሰለው፤ ዘፋኙን ሊትል ሪቻርድን፣ አይዝሊ ብራዘርስ የተባለውን ቡድን። ያም ሆኖ የወሎ ጆሮ ሲሰማው የሰፈሩን ዜማ ያገኝበታል።

«ጩኸት ነው» ለሚሉትም መልስ አለኝ። ሄንድሪክስ ማጉያውን ከዐቅሙ በላይ ሲገፋው ድምፁ ይሻክራል፣ ይነዝራል። ታዲያ በገናችንስ? በየክሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ የተበጀው ክሩ እየነዘረ እንዲጮህ ነው። እንዚራው ሲወጣ በገናው ልሳኑ ይዘጋል። በጾም ወቅት በገና ሲደረደር እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ጊታር ሊሸሸው አይገባም።

የሚቆጨኝ ጊዜው ነው። ሥራ አስኪያጁ ቻስ ቻንድለር ወደ ለንደን የወሰደው በመስከረም 1959 ነው፤ ከዚያ እስከ ሞቱ አራት ዓመት። በስቱዲዮ ሠርቶ በሕይወቱ ያወጣቸው አልበሞች ሦስት ብቻ ናቸው። ኒው ዮርክ ላይ ለራሱ ያሠራው ስቱዲዮ የተመረቀው ነሐሴ 1962 ላይ ነው። ገና ሳይጠግበው መስከረም ገባ።

ጋሼ ግን አንድ ነገር አልዋጥላቸው ብሏል፤ ክሩን ገፍቶ ድምፁን ወደ ላይ መሳቡ። «ክራር በቦታው ይናገራል። ይህ ልጅ የመሰንቆን ሥራ ነው የቀማው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ትልቁ ነገሩ እርሱ ነው ባይ ነኝ፤ ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ ድምፆቹን የሚለዩ ብረቶች፣ ባለው መሣሪያ ላይ በሁለት ድምፆች መካከል መመላለስ መቻሉ። እስካሁን አልተስማማንም።