ሊጥ ሊጥ የሚል ዳቦ

ከምሳ በኋላ የጀመረው ዝናብ አላባራም፤ እኔንም ያለ ምክንያት ሲከፋኝ ዋለ። እንዲህ ያለ ቀን ቴስተር፣ ያንን የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ካልያዝኩ አይለቀኝም። ደግነቱ ኦቨኑ አመሉ ተነስቶበታል። 200 ላይ ይደረጋል፣ ሰዓቱ ይሞላል፣ ዳቦው ግን ነጣ እንዳለ ይወጣል። ሲቆረስ ሊጥ ሊጥ ይላል።

መንጣቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ከሆነ ሙቀቱ በዝቷል፤ ላዩም ውስጡም ካልበሰለ ሙቀቱ አንሷል። አንሷል ሲባል ደግሞ ሰው ሁሉ ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር ላይ ለመፍረድ ይቸኩላል። እኛ ሰፈር ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት መብራቱ ነው። 220 ቮልት መሆን የነበረበት ማታ ላይ 190 ሲወርድ የማሞቂያው ጉልበት በዚያው ልክ አይደለም የሚቀንሰው፤ ወደ ሦስት ሩብ ይወርዳል። መለየቱ ከባድ አይደለም። ማሞቂያው አንዴም ሳያቋርጥ እየሠራ ሙቀቱ ካልደረሰ ጥፋቱ የመብራቱ ወይም የማሞቂያው ነው። ቶሎ ቶሎ እያቋረጠ ካልደረሰ ግን ኦቨኑ “ደርሻለሁ” ብሎ አምኗል ማለት ነው፤ ያኔ ያሳመነውን መፈለግ ነው።

ሶኬቱ ይነቀል፣ ኦቨኑም ይቀዝቅዝ። ሴንሰሩ ከውስጥ በኋለኛው ግድግዳ ከፍ ብሎ ብቅ ያለ፣ ከእርሳስ የቀጠነ ብረት ነው። በሁለት ብሎን ተይዟል፣ ሁለት ሽቦ አለው፤ ፖዘቲቭ ኔጋቲቭ የለውም። ብሎኖቹ ሲፈቱ በቀስታ መሳብ፣ ሽቦው እንደ ወጣም በልብስ መቆንጠጫ መያዝ ያስፈልጋል። ሾልኮ ከግድግዳው ጀርባ ከተመለሰ ያንን ሁሉ ብረት ከቦታው አንስቶ በኋላ በኩል መክፈት ይመጣል።

ብዙዎቹ ዲጂታል ኦቨኖች ውስጥ ያለው ፒቲ 1000 የሚባለው የፕላቲነም ሴንሰር ነው። ዜሮ ዲግሪ ላይ 1,000 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 3.9 ኦም ይጨምራል። 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 1,078 አካባቢ ማንበብ አለበት። የኛው 1,079 አለ፤ ጤነኛ ነው። ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱንና የብረቱን አካል ሲለኩም ምንም አላነበበም፤ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ኦቨኑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። መለኪያውን ቦርዱ ጋ ወስዶ፣ የሴንሰሩን መስመር ከቦርዱ ነቅሎ፣ ከሽቦው ጫፍ እስከ ሴንሰሩ ድረስ ያለውን አንድ ላይ መለካት ግን አለ። እዚያ 1,140 ሆነ። መሃል ላይ ያለው ማገናኛ ከሙቀት ብዛት ጠቁሮ፣ ብረቱ ዝጎ፣ 60 ኦም የራሱን ጨምሯል። ቦርዱ ይህን የማገናኛ ችግር ነው ብሎ አይለይም፤ ኦም ሲጨምር ሙቀት ጨመረ ነው የሚለው። ስለዚህ ከታዘዘው ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ሲቀረው ያጠፋል።

ማገናኛውን ቆርጦ መጣልና ሽቦውን ሙቀት በሚችል የሴራሚክ ማገናኛ ማሰር ነው። ናስትሮ ይቀልጣል፣ ይሸታል። በተለመደው የእርሳስና የቆርቆሮ ብየዳ መበየድም አያዛልቅም፤ 183 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ይጀምራል፣ ከኦቨን ግድግዳ ጀርባ ደግሞ ሙቀቱ አይታመንም።

ሴንሰሩ ራሱ ቢሞት ኖሮ ሌላ ጣጣ ነበር። ሻጩ “ያው ነው፣ መልኩ አንድ ነው” ይላል። መልካቸው አንድ ነው፣ እውነት ነው፤ ግን ፒቲ 500 የሚባልም አለ። ፒቲ 500 ለሚጠብቅ ቦርድ ፒቲ 1000 ቢገጠምለት ቀዝቃዛውን ኦቨን 310 ዲግሪ ደርሷል ብሎ ስለሚያነብ ጭራሽ አይለኩስም። ቴስተር ይዞ መሄድና ሱቁ ውስጥ መለካት ነው፤ ሻጩ ቢያኮርፍም ያኩርፍ። ኦቨኑ ጠፍቶም እየሞቀ የሚቀጥል ከሆነ ግን ሴንሰር መግዛት አያስፈልግም፤ ቦርዱ ላይ ያለው፣ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው ሪሌይ ተጣብቋል። ያኔ ሶኬቱን መንቀል፣ እስኪጠገንም አለመንካት።

ከጨረስኩ በኋላ ብረቱን ብቻ፣ ሽቦው የሚገባበትን ጫፍ ሳላስነካ፣ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። የፒቲ 1000 ሰንጠረዥ ለ100 ዲግሪ 1,385 ይላል። 1,355 አነበበ። አዲስ ሰው ቢሆን ሴንሰሩን ይጥለው ነበር። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 1,355 ደግሞ ልክ የ92 ንባብ ነው። በትክክል ለመፈተን የተፈጨ በረዶ ከውሃ ጋር ይሻላል፣ ዜሮውን ከፍታ ብዙም አይለውጠውም።

92 ካልኩ ወዲህ ግን ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ሴልሺየስ የተባለው ስዊድናዊ በ1742 መለኪያውን ሲያወጣ የመፍያው ነጥብ በአየር ግፊት እንደሚለዋወጥ ራሱ አይቶታል፤ ጽፎታልም። (ዜሮን ለመፍላት፣ 100ን ለበረዶ ነበር የሰጠው፤ በኋላ ነው የተገለበጠው።) ታዲያ እኛ ዕድሜ ልካችንን “ውሃ በ100 ይፈላል” እያልን ፈተና የሞላነው እንጦጦ ሥር ቁጭ ብለን ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለች አንዲት ወዳጄም ዳቦ ውስጥ የሚሰካ ረጅም ቴርሞሜትር ልካ “የዳቦው ውስጡ 96 ሲደርስ አውጣው” አለችኝ። ከየት ይምጣ! የዳቦው ውስጥ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱ ከውሃው መፍያ ብዙም አያልፍም። ጨውና ስኳሩ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል እንጂ 96ን እዚህ የሚጠብቅ ሰው ቅርፊቱን አክስሎ ነው የሚያወጣው። እዚህ 90 እና 91 ሲል በስሏል። እማዬ ግን ድፎውን ሥሩን በጣቷ መታ መታ አድርጋ፣ ድምፁን ሰምታ ነው የምታወጣው። ይህን ጉድ ብነግራት “እሱማ የታወቀ ነው” ትላለች፤ ምኑ እንደታወቀ ግን አትነግረኝም።

እና ዳሎልስ? ከባሕር ወለል በታች ነው፤ ውሃው ከ100 ጥቂት አልፎ ይፈላል። እዚያ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ውስጡ ከኛው በ8 ዲግሪ ይበልጥ ይሞቃል ማለት ነው። ጣዕሙ ይለያል? ሸካራ ይሆናል ወይስ ይለሰልሳል? ማን ሞክሮት ያውቃል? እኔ እንደሆንኩ ለዚህ ብዬ ሊጥ ተሸክሜ አፋር ልወርድ የምችል ዓይነት ሰው ነኝ። በዚያ ሙቀት ደግሞ ኦቨኑ ለምኔ?